ከጅማ የተነሳ የጎልፍ ፕሮፌሽናል፦ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ በአጭሩ

ይህ የጉዳይ ጥናት ጅማ ተወልዶ ያደገ፣ አዲስ አበባ በካዲነት ሲሠራ ጎልፍ የተማረና ከ2013 እስከ 2017 ዓ.ም. ፕሮፌሽናል ተጫዋች ለመሆን የደከመ ወጣትን ይመለከታል። የእሱም ሆነ የደጋፊዎቹ ስም አልተጠቀሰም፤ የተጫወተባቸው ውድድሮችም እንዲሁ። ውጤቶቹ ከውጤት ካርዶቹ፣ ልኬቶቹ ከልምምድ ደብተሩ የተወሰዱ ናቸው።

ሊመዘገብ የሚገባው በአንድ ምክንያት ነው። ስለ ጎልፍ ሲወራ ሁሉም ሰው ጣቱን የሚቀስረው ሜዳ አለመኖሩ ላይ ነው። ይህ ተጫዋችም ሜዳ አልነበረውም። ካርዶቹን አንድ በአንድ ለተመለከተ ግን ብዙ ምት ያስከፈለው ቁጥሮቹን አለማወቁ ነበር፦ ምቱ የት እንደሚባክን፣ ኳሱ በየከፍታው ስንት ሜትር እንደሚሄድ፣ አንድ ጉዞ ስንት ብር እንደሚፈጅ።

መነሻ

ቤተሰቡ ቡና ሰብሳቢ ነው፤ ከከተማዋ መጋዘን አለው። ልጁ እንደ ሰፈሩ ልጆች በእግር ኳስ አደገ። በ17 ዓመቱ አዲስ አበባ አጎቱ ዘንድ ሄዶ ከአንድ የጎልፍ ሜዳ ካዲ ሆነ። ካዲ ቦርሳ ይሸከማል፣ ለተጫዋቹ ርቀት ይነግራል፣ የተረገጠ አሸዋ ይደለድላል፣ ጉድጓዱ ያለበትን ለስላሳ ሣር፣ ማለትም የግሪኑን ዘንበል ያነባል። ሜዳው ፋታ ባገኘ ቁጥር በተዋሰው ዱላ ይመታል። በአምስት ዓመት ውስጥ ከሜዳው ረጅም መቺዎች አንዱ ሆነ፤ ኳስን ከሁሉም ዱላ አብልጦ በሚያርቀው ድራይቨር 270 ሜትር ያሻግር ነበር።

ያኔ ከደንበኞቹ አንዳንዶቹ ለልጆቻቸው እንዲያስተምር እየከፈሉት ያስተምር ጀመር። ከዚህ የመጣው ችግር የገባው ዘግይቶ ነው። በጎልፍ ሕግ አማተር ተጫዋች ለማስተማር ክፍያ ከተቀበለ፣ ከተወሰኑ ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ የአማተርነት መብቱን ያጣል። ቦርሳ ተሸክሞ መከፈል ግን ችግር የለውም። ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተሻሻለው ደንብ አማተር እስከ 700 ፓውንድ የሚያወጣ ሽልማት እንዲቀበል ይፈቅዳል፤ የማስተማር ክፍያን ግን በዚያው ከልክሎታል። ተጫዋቹ ለአማተር ውድድር ሊመዘገብ ሲል ይህ ተነሳበትና ተመለሰ። አማተርነቱን አመልክቶ ማስመለስ ይችል ነበር። «ከተቆረጠ አይቀር» ብሎ ፕሮፌሽናልነቱን ያዘ።

በ2013 ዓ.ም. አባቱ ሲታመሙ መጋዘኑን ለማገዝ ጅማ ተመለሰ። ይዞት የመጣው አንድ ቦርሳ ዱላ፣ ሁለት ማዳበሪያ ሙሉ አሮጌ ኳስና በአዲስ አበባ አየር የተለካ ርቀቱን ነበር።

የመለማመጃ ቦታው

ከከተማው ወጣ ብሎ ርዝመቱ 240፣ ወርዱ 70 ሜትር የሆነ የግጦሽ ሜዳ ተከራየ። ባለ ሜዳው አዛውንት ያስቀመጡት ቅድመ ሁኔታ አንድ ብቻ ነበር፦ «ልጄ፣ በጎቼን አታስደንግጥብኝ እንጂ ኳስህ የፈለገበት ይውደቅ።» ስለዚህ ልምምዱ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ሆነ፤ በጎቹ ከ3 ሰዓት በኋላ ይሰማራሉ። በጎቹ የጠቀሙት ከጠበቀው በላይ ነው። የሜዳውን ሣር ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር አድርገው ይግጡታል፤ ይህ ወደ ግሪን ለሚወስደው የመጫወቻ ሣር በቂ ነው። 240 ሜትር ለድራይቨር ስለማይበቃ በሜዳው ላይ ከአምስት ቁጥር አይረን (ባለ ብረት ራስ ዱላ) የረዘመ አይመታም።

ድራይቨሩን የሚመታው መጋዘን ውስጥ፣ በኬሻ መረብ ላይ ነበር። የመጀመሪያው መረብ በእንጨት ፍሬም ላይ ተወጥሮ የተሰፋ ነጠላ ኬሻ ነው። ኳሷ ተመልሳ ጉልበቱን መታችው። የተወጠረ ጨርቅ የኳሷን ኃይል መልሶ ይልከዋል፤ የላላ ጨርቅ ይውጠዋል። ሁለተኛው ከላይ ብቻ ታስሮ የተንጠለጠለ ድርብ ኬሻ ሲሆን ከኋላው እስከ ግድግዳው 60 ሳንቲ ሜትር ባዶ ቦታ አለ። እታች መሬት ላይ ግማሽ ሜትር ያህል ትርፍ ጨርቅ ተኝቷል፤ ኳስ ሥሩ ሾልኮ ግድግዳ እንዳይመታ ነው። ይህኛው እስካሁን ይሠራል፤ መሃሉ ሲሳሳ ሌላ ኬሻ ይደረብበታል።

ግሪኑ

ከባዱ ሥራ ይህ ነበር፤ ሁለት ጊዜም ተሠርቷል።

በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. 10 በ10 ሜትር ቀይ አፈር ተደልድሎ ሰርዶ ተተከለበት። ሣሩ በምርጫ ደረጃ ትክክል ነበር። በሞቃት አገሮች ግሪን ላይ የሚተከለው ተዳቅሎ የተሻሻለ የሰርዶ ዘር ነው፤ የእኛው ሰርዶ ቅጠሉ ሰፋ ይበል እንጂ አጭር መታጨድን ይችላል፣ ሐረጉን መሬት ለመሬት እየላከ ራሱን ይደፍናል። የተበላሸው ከሥሩ ነው። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። ቀዩ ሸክላማ አፈር ሲረገጥ ይጠቀጠቅና ውኃ ማሳለፍ ያቆማል። በሐምሌ ውኃው ተኛበት፣ የጫማ ዳና ጉድጓድ ሆኖ ቀረ፣ ሣሩ ቢጫ ሆኖ ሥሩ በሰበሰ። የተረፈውን ፍልፈል ገለባበጠው።

በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ቦታው ወደ 8 በ10 ሜትር ጠቦ እንደ አዲስ ተጀመረ። 35 ሳንቲ ሜትር ተቆፈረ። ከታች 10 ሳንቲ ሜትር ጠጠር፣ በላዩ 25 ሳንቲ ሜትር ድብልቅ ተሞላ፤ ድብልቁ 8 እጅ የታጠበ የወንዝ አሸዋና 2 እጅ የተነፋ ኮምፖስት ነው። ይህ 8 ሜትር ኩብ ጠጠርና 20 ሜትር ኩብ ድብልቅ ማለት ነው። ወጪው ከሁሉም የልምምድ ዕቃ በለጠ፤ የተቆጠበበት ግን የመጀመሪያው ግሪን በአንድ ክረምት አለቀ። አሸዋው ካልታጠበ በውስጡ ያለው ደቃቅ ጭቃ ጠጠሩን ይደፍነዋል። ዘንበሉ በ10 ሜትር 20 ሳንቲ ሜትር ነው። በዙሪያው 50 ሳንቲ ሜትር ድረስ የዶሮ ሽቦ ለፍልፈል ተቀበረ፤ ከዚያ ወዲህ አልገባም።

የሰርዶው ሐረግ በ15 ሳንቲ ሜትር ርቀት ተተክሎ ከኅዳር ጀምሮ በየቀኑ ውኃ ጠጣ። በ80 ካሬ ሜትር ላይ 5 ሚሊ ሜትር ማለት 400 ሊትር ነው፤ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 20 ጊዜ ይቀዳል። ጉድጓዱ የተሠራው ከ110 ሚሊ ሜትር የፍሳሽ ፒቪሲ ቱቦ ነው። ትክክለኛው የጎልፍ ጉድጓድ ስፋቱ 108 ሚሊ ሜትር ነው፤ የዚህ ቱቦ ውስጥ ከዚያ ጥቂት ይጠባል፤ ለልምምድ ይህ ጉዳት የለውም።

አጨዳው ያልተፈታ ችግር ነበር። በገበያ ያለው ባለ ሽቦ የሣር ማጨጃ ከ15 ሚሊ ሜትር በታች ወጥ አድርጎ አያጭድም፣ ይላጫል። ያገለገለ፣ በእጅ የሚገፋ ባለ ጥቅል ምላጭ ማጨጃ ከአዲስ አበባ ሲገኝ 8 ሚሊ ሜትር ተደረሰ። በየሦስት ሳምንቱ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር የተነፋ አሸዋ ይበተንና በኮንክሪት በተሞላ ቱቦ ይዳመጣል።

የግሪን ፍጥነት የሚለካው 91 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ባለው ቦይ መሰል ዘንግ ነው። ከታችኛው ጫፍ 76 ሳንቲ ሜትር ላይ ኳሷ የምትቀመጥበት ሰርጎድ ያለ ቦታ አለ። ዘንጉ ቀስ ተብሎ ሲነሳ 20 ዲግሪ ገደማ ላይ ኳሷ ራሷ ትለቃለች። ሦስት ኳስ በአንድ አቅጣጫ፣ ሦስት በተቃራኒው ተለቆ የተንከባለሉበት ርቀት አማካይ ይያዛል። ዘንጉን የሰፈር አናጢ ከዝግባ ሠራው። አዲሱ ግሪን መጀመሪያ 1 ሜትር ከ40 ለካ፤ ከአጨዳና ከዳመጣ በኋላ 2 ሜትር ከ10 ደረሰ። ከዚያ በላይ አልሄደም።

የመጀመሪያው ውድድር

በየካቲት 2015 ዓ.ም. ናይሮቢ ሄዶ ለፕሮፌሽናሎች ክፍት በሆነ ውድድር ተጫወተ። ሜዳው ፓር 72 ነው፤ ፓር ማለት ጥሩ ተጫዋች ሊጨርስበት የሚጠበቀው የምት ብዛት ነው። 78 እና 80 መታ፤ ድምር 158። ከ36 ሆል፣ ማለትም ከሁለት ቀን ጨዋታ በኋላ ያለውን ማጣሪያ ያለፉት 148 እና ከዚያ በታች የመቱ ናቸው። በ10 ምት ወደቀ። ማጣሪያ ያላለፈ ሽልማት አያገኝም፤ የካዲው ክፍያ ግን አይቀርለትም።

ሲመለስ ያለው ስሜት «ከቲ ላይ ያለው ምቴ ተበላሽቷል» የሚል ነበር፤ ቲ የእያንዳንዱ ሆል መነሻ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ከስልክ ቪዲዮ ከተለያዩ አሠልጣኞች ምክር እየቀዳ ማወዛወዙን ቀያየረ። ይህ ከሁሉ የከፋው ጊዜ ነው፤ እያንዳንዱ አሠልጣኝ የሚያርመው የራሱን ተማሪ ጥፋት እንጂ የእሱን አይደለም።

ካርዶቹ ከዚያ በኋላ በደንብ ታዩ። በሁለቱ ቀን 74 ፓት፣ ማለትም ግሪን ላይ ኳሷን ወደ ጉድጓዱ የሚያንከባልሉ ምቶች፣ መትቷል። ሦስት ጊዜ ፓት የመታባቸው ሆሎች 9 ናቸው። የቅጣት ምት ያገኘው አንድ ብቻ ነው። ከማጣሪያው ያራቁት 10 ምቶች ከሞላ ጎደል እነዚህ 9 ሆሎች ላይ ተቀምጠዋል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በትልልቅ ውድድሮች የተሰበሰበው መረጃ እንደሚያሳየው ምርጥ ፕሮፌሽናሎችን ከተራዎቹ የሚለየው በአብዛኛው ረጅሙ ምት ነው፤ ፓት የሚይዘው ድርሻ ብዙ ሰው ከሚገምተው ያነሰ ነው። ለዚህ ተጫዋች ግን ያ አማካይ አልሠራም፤ ፈጣን ግሪን ላይ ቆሞ ስለማያውቅ ነው። የውድድሩ ግሪን ፍጥነት 3 ሜትር ከ10 ነበር፤ የእሱ 2 ሜትር ከ10። በጅማው ግሪን 10 ሜትር የምትሄድ ኳስ እዚያ ወደ 15 ሜትር ትሄዳለች። የመጀመሪያው ፓት ሁሉ ጉድጓዱን አልፎ ሁለትና ሦስት ሜትር ይርቃል። ከ2 ሜትር ከ40 ላይ የዓለም ምርጥ ተጫዋቾችም የሚያስገቡት ግማሹን ያህል ነው። ከ90 ሳንቲ ሜትር ላይ ግን ከመቶ 96ቱን ያስገባሉ። የመጀመሪያዋን ፓት ከጉድጓዱ 90 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ማሳረፍ ከተቻለ ሦስተኛዋ ፓት ከሞላ ጎደል ትጠፋለች።

የመጋዘኑ ክረምት

የሰርዶው ግሪን ከ2 ሜትር ከ10 እንደማያልፍ ሲታወቅ ፍጥነት ያለው ሌላ ወለል ተፈለገ። መልሱ ቤት ውስጥ ነበር። ቡናው ከጥቅምት ጀምሮ ተለቅሞ ይገባል፤ ክረምት ላይ መጋዘኑ ባዶ ነው። በሲሚንቶው ወለል ላይ ስስ፣ ፀጉር አልባ ምንጣፍ 12 ሜትር በ2 ሜትር ተነጠፈ። በዝግባው ዘንግ ሲለካ 3 ሜትር ከ10 ሆነ። መጀመሪያ የተሞከረው ወፍራም የሳሎን ምንጣፍ 2 ሜትር ያህል ብቻ ስለለካ ተነሳ።

ልምምዱ ሁለት ነገር ብቻ ነበር። አንደኛው ከ90 ሳንቲ ሜትር 50 ኳስ ማስገባት ነው፤ አንዱ ከሳተ ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል። ሁለተኛው ከ6፣ ከ8 እና ከ10 ሜትር እየተቀያየረ በኖራ ወደተሰመረ፣ ከመሃል እስከ ጠርዝ 60 ሳንቲ ሜትር ወደሆነ ክብ መላክ ነው። ከአንድ ርቀት ደጋግሞ መምታት እጅን ያሰንፋል፤ በውድድር አንድ ዓይነት ፓት ሁለት ጊዜ አይገኝም። ዘንበል ለማንበብ መጋዘኑ አይጠቅምም፤ ለዚያ የሜዳው ግሪን በቂ ነበር። ሁለቱ ወለሎች ተደጋገፉ።

የባሕር ዳርቻው ውድድር

ኅዳር 2016 ዓ.ም. የኬንያ ባሕር ዳርቻ ላይ ተወዳደረ፤ 77 እና 79። ፓቱ ወደ 66 ወርዷል። ሦስት ጊዜ ፓት የመታባቸው ሆሎች 2 ብቻ ናቸው። በምትኩ የቅጣት ምቱ 6 ሆነ፣ ወደ ግሪን የላካቸው ኳሶችም ብዙዎቹ አጠሩ።

አንዱን ሆል ማየት ይበቃል። ፓር 3 ነው፤ ባንዲራው 155 ሜትር ላይ። በሰባት ቁጥር አይረኑ ጅማ 157 ስለሚመታ ያንኑ አነሳ። ምቱ ንጹሕ ነበር። ኳሷ ስምንት ሜትር አጥራ ከግሪኑ ፊት ካለው የአሸዋ ጉድጓድ ገባች። አወጣት፣ ሁለት ፓት መታ፣ 4 ጻፈ። በዱላው መምታት ላይ አንድም ጥፋት የለም፤ የጠፋው አየሩ ነው።

አየር ከፍ ባለ ቦታ ይሳሳል፤ ኳስን የሚይዛት ነገር ይቀንሳል። በግርድፉ ለየ300 ሜትር ከፍታ 1.2 በመቶ ያህል ርቀት ይጨምራል። ጅማ ወደ 1,780፣ አዲስ አበባ ወደ 2,350 ሜትር ላይ ናቸው። በባሕር ጠለል 147 ሜትር የምትሄድ ምት ጅማ 157፣ አዲስ አበባ 161 ትሆናለች። ናይሮቢ ከጅማ ጋር ተቀራራቢ ከፍታ ስላላት የመጀመሪያው ውድድር ላይ ይህ ስህተት አልታየም ነበር። የባሕር ዳርቻው ሙቀት ጥቂት ሜትር ይመልሳል፣ አሥሩን ግን አይሞላም።

ቅጣቶቹም ከዚሁ አየር የመጡ ናቸው። ስስ አየር ኳስን ወደ ጎንም እምብዛም አያጥፋትም። ደጋ ላይ በመጠኑ ወደ ቀኝ የምትሸሽ ድራይቭ ባሕር ዳር ላይ ውኃ ውስጥ ትገባለች። ጥፋቱ ድሮም ነበር፤ ከፍታው ሸሽጎለት ኖሯል።

የተደረገው እርማት

የቲዩ ምት በአንድ ለውጥ ብቻ ተስተካከለ። ዱላውን ሲይዝ ግራ እጁ ወደ ቀኝ ጥቂት ዞሮ፣ ቁልቁል ሲያይ ሁለት ተኩል ያህል የጣት አንጓ እስኪታየው ድረስ ተደረገ። መሬት ላይ ሁለት ሸምበቆ ትይዩ ተጋደመ፤ አንዱ ለእግር፣ አንዱ ለኳስ መስመር። ስልኩ በወገብ ከፍታ፣ ከኋላ፣ በዒላማው መስመር ላይ ይቆማል። ስልኩ ዘመም ብሎ ከቆመ ቪዲዮው ሌላ ጥፋት ያሳያል፤ ቀደም ሲል ሁለት ወር የባከነው በከፊል በዚህ ነው።

ርቀቶቹ ደግሞ እንደገና ተለኩ። በሜዳው ላይ በየ10 ሜትሩ ምልክት ያለው ገመድ ተዘርግቶ ሜዳው በሚበቃው በእያንዳንዱ ዱላ 10 ኳስ ተመታ። ረጅሟና አጭሯ ወጥተው የቀሩት 8 መሬት የነኩበት ቦታ አማካይ ተያዘ፤ ከነኩ በኋላ የተንከባለሉት አይቆጠርም። ኳሶቹ አንድ ዓይነትና አዲስ መሆን አለባቸው። ከውኃ የተለቀመ አሮጌ ኳስ እስከ ጥቂት ሜትር ይዋሻል። ከዚያ ሦስት ዓምድ ያለው ካርድ ተሠራ፦ ለአዲስ አበባ፣ ለጅማና ናይሮቢ፣ ለባሕር ጠለል። ካርዱ በቦርሳው ኪስ ይገባል፤ በሕጉ የሚፈቀዱት ዱላዎች 14 ስለሆኑ 14 መስመር ይበቃዋል፣ ፓተሩ ሲቀር 13።

በየካቲት 2017 ዓ.ም. ናይሮቢ ላይ 73 እና 74 መትቶ በአንድ ምት ማጣሪያውን አለፈ። ቀጣዮቹን ሁለት ቀናት 76 እና 75 መታ። ሽልማቱ የጉዞውን ወጪ ሁለት ሦስተኛ ሸፈነ። ጎበዝ ጨዋታ ነበር፤ ኪሳራም ነበር።

ገንዘቡ

የመጀመሪያው ጉዞ የተሸፈነው በእቁብ ነው። ዕጣው ቀድሞ ወጣለትና ደስ አለው። እቁብ ቀድሞ የደረሰው ሰው ግን ባለ ዕዳ ነው፤ ውድድሩ በሁለት ቀን ካለቀ በኋላ ሳምንታዊው መዋጮ ወራት ቆየ። ዋስ የሆነው ታላቅ ወንድሙ ሁለት ጊዜ ከኪሱ ከፍሏል።

ለሁለተኛው ጉዞ አንድ ቡና ነጋዴ በቃል ደገፉት። «ካሸነፍክ እንካፈላለን» ተባባሉ። ከምን ላይ እንደሚካፈሉ አልተነጋገሩም፦ ከሙሉ ሽልማቱ ነው? ግብር ተቆርጦ፣ ካዲው ተከፍሎ ከቀረው ነው? ሽልማት ስላልመጣ ጠብ አልመጣም። ለሦስተኛው ሽማግሌ ባለበት በአንድ ገጽ ተጻፈ። ግብርና የካዲ ድርሻ ይነሳል፣ ቀጥሎ የደጋፊው ወጪ ይመለሳል፣ ትርፍ ካለ 60 በመቶው ለተጫዋቹ ይሆናል፤ ኪሳራ ከመጣ ተጫዋቹ አይጠየቅም። ነጋዴው የመጨረሻዋን ሐረግ ቅር እያላቸው ፈረሙ።

የመመዝገቢያ፣ የማደሪያና የቲኬት ዋጋ በዶላር ይታሰባል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዓመት አራት ውድድር የሚለው ዕቅድ ወደ ሁለት ወረደ።

ዛሬ ያለበት

ከጥቅምት እስከ ግንቦት አዲስ አበባ ያስተምራል፤ ፕሮፌሽናል ስለሆነ ክፍያው አሁን ጥያቄ አያስነሳም። ክረምቱን ጅማ መጋዘን ውስጥ ይለማመዳል። በዓመት ሁለት ጊዜ ይወዳደራል፤ ሁለቱንም ናይሮቢ፣ በሚያውቀው ከፍታ ላይ። ገቢው ከትምህርቱ ነው። ቤተሰቡ ይህን «ጎልፉን ትቶታል» ብሎ ይቆጥረዋል። በዓለም ላይ ካሉ ፕሮፌሽናል ጎልፈኞች እጅግ ብዙዎቹ የሚኖሩት በማስተማር ስለሆነ አነጋገሩ ልክ አይደለም።

ለሌላ ሰው የሚሠራው

ከውድድር በኋላ ስሜትን ሳይሆን ካርድን ማየት ይቀድማል። በእያንዳንዱ ሆል አራት ነገር መጻፍ ይበቃል፦ የፓት ብዛት፣ የመጀመሪያዋ ፓት ርቀት በእርምጃ፣ የቅጣት ምት፣ ወደ ግሪን የተላከችው ኳስ አጠረች ወይስ ረዘመች። ሁለት ዙር ከተጻፈ ጥፋቱ ራሱ ይወጣል። የዚህ ተጫዋች የመጀመሪያዎቹ ሁለት ውድድሮች በድምር በሁለት ምት ብቻ ይለያያሉ፤ በሽታቸው ግን ፍጹም የተለያየ ነበር፤ ድምሩን ብቻ ያየ ሰው አንድ ነው ይላል።

ግሪን ለመሥራት አቅም ከሌለ ከምንጣፉ መጀመር ይሻላል። ወጪው ከጠጠርና ከአሸዋው ጋር አይወዳደርም፤ ከውድድር ፍጥነት ጋር የተስተካከለውም እሱ ነው። ግሪን የሚሠራ ሰው ደግሞ ከአፈሩ ይጀምር፤ ሣሩ የመጨረሻው ጥያቄ ነው።

ካዲ ሆነው ለሚጫወቱ ልጆች አንድ ነገር ሊነገራቸው ይገባል። የመጀመሪያውን የማስተማሪያ ክፍያ ከመቀበላቸው በፊት አማተር ሆነው መቆየት ይፈልጉ እንደሆነ ይወስኑ፤ ከተቀበሉ በኋላ ለማስመለስ ማመልከቻና የመጠበቂያ ጊዜ አለው። በዚህ ጉዳይ አዲስ አበባ ላይ የጠየቀውና የነገረው ሰው አልነበረም። አሁን እሱ ራሱ ለሚያሠለጥናቸው ካዲዎች የመጀመሪያ ቀን የሚነግራቸው ይህንን ነው፤ ከዱላ አያያዝም በፊት።